ሳይነኩ ማወቅ፦ የእንጦጦን የሌሊት ወፎች በ«ባት ዲቴክተር» ማዳመጥ

የአዲስ አበባ ሰው ስለ እንጦጦ ቢጠየቅ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ማርያምና ስለ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል ስለሚወርዱት እናቶች ይናገራል። ሯጩ ስለ ዳገቱ፣ ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለተከፈተው ፓርክ ያወራል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ስለሚካሄደው አደን ግን የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጨለማ ስለሆነ አይታይም፤ ድምፁም በጣም ቀጭን ስለሆነ አይሰማም። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቀው መሣሪያ ሁለተኛውን ችግር የሚፈታ ነው።

መሣሪያው «ባት ዲቴክተር» ይባላል። የሌሊት ወፍ የምታሰማውን፣ የሰው ጆሮ ግን የማይደርስበትን ድምፅ ተቀብሎ ወደምንሰማው ድምፅ የሚለውጥ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተፈጥሮ ወዳጆች ከተለማመዱት ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔም አንዱን ከውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ በስጦታ ካገኘሁ ወዲህ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት ላይ ብዙ ምሽቶችን አሳልፌበታለሁ። «ይኼ ነገር ምን ያደርግልሃል?» ብለው የሚጠይቁኝ ስለበዙ፣ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገውን ሰብሰብ አድርጌ ለማቅረብ ወደድሁ።

ጊዜውም ይህን እንድል ያስገድደኛል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱን ጤና ሚኒስቴር ካረጋገጠ በኋላ የሌሊት ወፍ ስም ከበሽታ ጋር ብቻ ተያይዞ ሲነሳ ሰምተናል። ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ ነው አልልም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ነገር ግን አንድን ፍጥረት ሳይነኩ፣ ሳይጠጉ፣ ማደሪያዋንም ሳይረብሹ ማወቅ የሚቻል ከሆነ፣ ከጭፍን ፍርሃትም ከጭፍን ድፍረትም የሚሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ወፍም አይጥም ያልሆነች

የሌሊት ወፍ በስሟ ወፍ ትባል እንጂ ወፍ አይደለችም። በኦሪት ዘሌዋውያንም ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች። በተረታችን ደግሞ ግብር ሲጠየቅ ለወፎቹ አይጥ፣ ለአይጦቹ ወፍ እየሆነች የምታመልጥ ብልጣብልጥ ናት። በሁለት ቢላዋ የሚበላን ሰው በእርሷ መመሰልም የተለመደ ነው። በሥነ ሕይወት አቆጣጠር ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው፤ የሌሊት ወፍ ግልገል ወልዳ የምታጠባ፣ በራሷ ክንፍ የምትበር ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት። ከአይጥም ጋር የቅርብ ዝምድና የላትም።

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ይህም ከአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች አንድ አምስተኛው ያህል ማለት ነው። በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ከ80 በላይ ናቸው። የአገራችንን የሌሊት ወፎች በአንድ መዝገብ ሰብስበው ያቀረቡት ማልኮም ላርገን፣ ዲተር ኮክና ዴሪክ ያልደን የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር ሌላ ቦታ የማይገኙም አሉ። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂው ስኮት እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ባደረገው ጉዞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለ ደን የተገኘችውና በስሙ የተጠራችው ዝርያ አንዷ ናት። ሌላዋ ከባሌ የሐረና ደን ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ2000 ስም የወጣላት ባለ ረጅም ጆሮዋ የባሌ የሌሊት ወፍ ናት።

በአመጋገባቸው የሌሊት ወፎቻችን በሁለት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ፍራፍሬና የአበባ ማር ይመገባሉ። አብዛኞቹ ግን ነፍሳት አዳኞች ናቸው። ለገበሬው የሚጠቅሙት በተለይ እነዚህ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውና የበቆሎ ማሳ ያወደመው መጤ ተምች ለምሳሌ፣ ሲያድግ በሌሊት የሚበር የእሳት እራት ነው። የእሳት እራት ደግሞ የብዙ የሌሊት ወፎች ዋና ምግብ ነው። በመሣሪያችን የምንሰማቸውም እነዚሁ ነፍሳት አዳኞቹ ናቸው። ፍራፍሬ በሎቹ በአብዛኛው በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ስለሚመሩ የሚሰማ ነገር እምብዛም የላቸውም።

የማይሰማው ጩኸት

የሌሊት ወፍ በጨለማ እንዴት ሳትጋጭ እንደምትበር ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያስገርም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1793 ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ ዓይናቸው የታወረ የሌሊት ወፎች እንኳ ያለ ችግር እንደሚበሩ አረጋገጠ። ብዙም ሳይቆይ ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ ዡሪን ጆሯቸው ሲደፈን ግን እንደሚጋጩ አሳየ። ስለዚህ በጆሯቸው ነው «የሚያዩት»። ዳሩ ግን ምንም ድምፅ ሳያሰሙ ምኑን ይሰማሉ? ጥያቄው ከ140 ዓመታት በላይ መልስ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1938 ዶናልድ ግሪፊን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ የሌሊት ወፎቹን ይዞ ፕሮፌሰር ጆርጅ ፒርስ ወደሠሩት የድምፅ መቀበያ ፊት ሲያቀርባቸው መልሱ ተገኘ። እንስሳቱ ዝም አላሉም፤ ይጮኻሉ። ጩኸቱ ግን ከሰው ጆሮ አቅም በላይ ነው። የዛሬው ባት ዲቴክተር የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

የድምፅ ቅጥነት የሚለካው በኸርዝ ነው። ጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ፣ ማለትም እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ላይኛው ወሰን ይወርዳል። አብዛኞቹ ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች የሚጮኹት ከ20 እስከ 120 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ነው። ይህ ነፍሰ ጡር እናቶች ሐኪም ቤት የሚያዩት አልትራሳውንድ ዘመድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ድምፅ ይላካል፣ ያጋጠመውን ነገር ነክቶ ይመለሳል፣ ከገደል ማሚቶው ሥዕል ይወጣል። የተላከው ድምፅ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ርቃ ካለች የእሳት እራት ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀው ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛው ብቻ ነው።

ቀጭን ድምፅ የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ40 ኪሎኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከትንሽ ነፍሳት አካል ጋር የሚመጣጠን። ወፍራም ድምፅ ትንኝን አልፎ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ነክቶ ይመለሳል። ጉዳቱ ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ቶሎ መድከሙ ነው። ስለዚህ እንስሳዋ በኃይል መጮኽ አለባት። አንዳንዶቹ አፋቸው አጠገብ ሲለኩ ከ110 ዴሲቤል በላይ ናቸው። የራሷ ጩኸት እንዳያደነቁራት በጆሮዋ ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ከእያንዳንዱ ጩኸት በፊት ይጨመደዳል፤ ማሚቶው ሲመለስ ይላላል። እኛ «ጸጥ ያለ ምሽት» የምንለው ለእነርሱ የገበያ ጫጫታ ነው።

የመሣሪያው ዓይነቶች

በገበያ ላይ አራት ዓይነት አሠራር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ሄትሮዳይን» የሚባለው ሲሆን ዋጋው የሚቀመሰውም፣ ለጀማሪ የሚመከረውም እርሱ ነው። አሠራሩ እንደ ራዲዮ ነው። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ይዞ የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ሥርጭት ለማግኘት መዘውር ያዞረ ሰው ለማስረዳት አይከብደኝም። መዘውሩን 43 ላይ አድርገው ከቆሙና የሌሊት ወፏ በ45 ኪሎኸርዝ ከጮኸች፣ መሣሪያው ልዩነቱን፣ ማለትም 2 ኪሎኸርዙን ያሰማዎታል። ይህ ደግሞ በደንብ የሚሰማ ድምፅ ነው። ደካማ ጎኑም እንደ ራዲዮ ነው፤ ጣቢያው ላይ ካልሆኑ አይሰሙም። መዘውሩ 40 ላይ ሆኖ በ100 የምትጮኽ ብታልፍ አያውቁም። «ማጀንታ ባት 4» የሚባለው ከዚህ ወገን ነው።

ሁለተኛው የድምፁን ቅጥነት በአብዛኛው ለ10 የሚያካፍል ነው። 45 የነበረው 4.5 ሆኖ ይሰማል። ሁሉንም ክልል በአንድ ጊዜ ስለሚሸፍን ጣቢያ መፈለግ አያሻም፤ የድምፁ ጣዕም ግን ይቀንሳል። ሦስተኛው ድምፁን ቀድቶ በ10 እጥፍ አዝግሞ የሚያጫውት ነው። ዝርዝሩን ጠብቆ ያሰማል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

አራተኛው ሙሉውን ድምፅ እንዳለ የሚቀዳ ዲጂታል መቅጃ ነው። ከእነዚህ ውስጥ «ኦዲዮሞዝ» የምትባለው በትንሽነቷና ከሌሎቹ በረከስ በማለቷ ትታወቃለች። በሦስት ተራ ባትሪ ድንጋዮች ትሠራለች፤ የምትቀዳውን በሜሞሪ ካርድ ታስቀምጣለች። በሰከንድ እስከ 384 ሺህ ናሙና ስለምትወስድ እስከ 192 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ትይዛለች። ድምፅ ግን እዚያው አታሰማም፤ ቤት ገብተው በኮምፒውተር ነው የሚያዩት። ከስልክ ጋር ተሰክተው ድምፁንም ሥዕሉንም ወዲያው የሚያሳዩም አሉ፤ «ኤኮ ሜትር ተች» የሚባለው አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በስልክ ብቻ የሌሊት ወፍ ያሰማሉ ተብለው የሚወርዱ አፕሊኬሽኖች ያለ ተጨማሪ ማይክሮፎን አያገለግሉም። የተራ ስልክ ማይክሮፎንና መቅጃ የተሠሩት ለሰው ንግግርና ለሙዚቃ ነው። በሌላ በኩል የሄትሮዳይኑን ድምፅ በስልክ መቅዳት ይቻላል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው አስቀድሞ ወደ ሰው ጆሮ ክልል የወረደ ነውና።

ሲገዙ

እኔ እንደማየው ብዙ ሰው የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ በኩል ነው። የሚያመጣልዎ ሰው ደረሰኙንና የአጠቃቀም መመሪያውን አብሮ እንዲይዝ ይንገሩት። ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ መሣሪያው ምንም ሞገድ አይልክም፣ ድምፅ ይቀበላል ብቻ። ምርጫውን በተመለከተ ምክሬ ከሄትሮዳይን ይጀምሩ የሚል ነው። ጆሮ የሚሠለጥነው እዚያው ቆሞ በመስማት ነው። ማታ መቅጃ ሰቅሎ ጠዋት ፋይል መክፈት ጥሩ ምርምር ነው፤ የመስማቱ ደስታ ግን የለበትም። የድምፅ ማጉያው ሰው እንዳይረብሽ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለውን ይምረጡ።

እንጦጦ ላይ የትና መቼ

የሌሊት ወፎች ሜዳ መሐል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ውስጥ ሳይሆን ዳርቻ ላይ ማደን ይወዳሉ። የዛፍ አጥር ጥግ፣ በደን መካከል የሚያልፍ መንገድ፣ የወንዝ ዳር፣ ነፍሳት የሚሰበሰቡበት የመንገድ መብራት ጥሩ ቦታዎች ናቸው። እንጦጦ ይህ ሁሉ አለው። የላይኛው ክፍል እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ይበርዳል፤ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ቁስቋም ዝቅ ሲሉ ይሞቃል። ጀማሪ ከታችኛው ቢጀምር ይሻለዋል። ቀበና የመሰሉ ወንዞች ከተራራው ሲወርዱ የሚያልፉባቸው ሸለቆዎች ይመከራሉ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉት ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፉ የተለየ ዓለም ናቸው። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በዚሁ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። ማዕከሉም ሆነ ፓርኩ በራቸውን የሚዘጉበት ሰዓት ስላላቸው አስቀድመው ጠይቀው ፈቃድ ያግኙ።

በአዲስ አበባ ጀምበር የምትጠልቀው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ምሽቱ ወዲያው ይጨልማል። ጀምበር ከጠለቀች 15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከሁሉ የበለጠ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ወደ ቤት መመለስ ይቻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ማደር አያስፈልግም።

ከወቅት ወቅት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ አስቸጋሪ ናቸው። ኃይለኛ ዝናብ ሲኖር የሌሊት ወፎች አይበሩም፤ የዝናቡ ጠብታ ራሱ መሣሪያውን በጩኸት ይሞላዋል። ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ነፍሳቱም አዳኞቹም ይበዛሉ። በበልግ የመጀመሪያው ዝናብ አሸን ያፈላ ምሽት ከተገኘ ደግሞ ድግስ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ቅዝቃዜው ስለሚበረታ ያለፈው ማስታወሻዬ ብዙ ባዶ መስመር አለው። ባዶ መስመርም መረጃ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

ከቤት ሳይወጡ መሣሪያውን ይፈትሹ። ማይክሮፎኑ ፊት አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ይሹት፤ ወይም የቁልፍ መያዣ ያንቀጭሉ። ሁለቱም ከጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ስላላቸው መሣሪያው ይንጫጫል። ካልተንጫጫ ባትሪውን ይዩ።

አለባበስ ከሚገምቱት በላይ ዋጋ አለው። ላስቲክ ነክ ጃኬት በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንሿሿል፤ መሣሪያውም ይህን ሁሉ ያሰማል። ለእንጦጦ ብርድም ለዚህ ሥራም ከጋቢ የሚሻል የለም። ቁልፍና ሳንቲም ከኪስ ይውጣ።

ቦታው ሲደርሱ መዘውሩን 40 ወይም 45 ላይ ያድርጉና ማይክሮፎኑን ወደ ክፍት ሰማይ ያቅኑ። ጥቂት ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ቀስ ብለው ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 60 ይሂዱ። ድምፅ ሲይዙ መዘውሩን ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ ድምፁ በጣም ወፍራም ሆኖ የሚጎላበት ቦታ የእንስሳዋ ዋና ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ነው። ያንን ቁጥር ይጻፉ።

የሌሊት ወፍ ያልሆኑ ድምፆች እንዳያታልሉ። የሌሊት ፌንጣዎች ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ፤ ቦታም አይለውጡም። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መብራትና ቻርጀር ቋሚ ሲርታ አለው። የሌሊት ወፍ ግን ትመጣለች፣ ትጎላለች፣ ታልፋለች። በዚህ ትለያለች።

ጆሮ ምን ይለያል?

በሄትሮዳይን ሲሰሙ ዋና ዋናዎቹ ድምፆች ጥቂት ናቸው። ከ20 እስከ 25 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ከሩቅና ከላይ የሚመጣ፣ ዘገም ያለ «ቸፕ… ቸፕ» ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ከዛፍ በላይ በፍጥነት የሚበሩ ወገኖች ናቸው። ከ40 እስከ 55 ባለው ደግሞ ፈጠን ያለ፣ እርጥብ ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ የትናንሾቹ ነው። እኔ በእንጦጦ ዳርቻ ብዙ ጊዜ የምይዘው እነዚህን ሁለቱን ነው። ደረቅ «ጥክ ጥክ ጥክ» ሰፊ ክልል የሚሸፍን ከሆነ ከዛፍ ጥግ ጥግ የምታድን ልትሆን ትችላለች። ባለ ፈረስ ኮቴ አፍንጫ የሚባሉት ደግሞ በአብዛኛው ከ70 በላይ እንደ ዋሽንት የሚንቆረቆር ድምፅ አላቸው። እንዲህ ያለው ድምፅ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍምና እጅግ ቀርበው ካላለፉ አይሰሙም። ባለ ረጅም ጆሮዎቹ ሹክ እያሉ ስለሚያድኑ ለመሣሪያ እንኳ ያስቸግራሉ።

ከሁሉ የማይረሳው የመብል ድምፅ ነው። የሌሊት ወፍ ስትፈልግ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ትጮኻለች። አንድ ነገር ስታገኝ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ልትይዘው ስትል በሰከንድ እስከ 200 ይደርሳል። በመሣሪያው «ጥክ… ጥክ… ጥክጥክጥክ ፍርርርት!» ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ። አንዲት የእሳት እራት ተበላች ወይም አመለጠች ማለት ነው። ጠላትን የሚሰሙ የእሳት እራቶችም አሉ፤ ጆሮ ስላላቸው ጩኸቱን ሲሰሙ ክንፋቸውን አጥፈው ወደ መሬት ይወድቃሉ።

ጀማሪ ማወቅ ያለበት አንድ ወሰን አለ። ድምፅ ወገኑን እንጂ ዝርያውን ሁልጊዜ አይናገርም። አንዷ እንስሳ በሜዳና በዛፍ መካከል ጩኸቷን ትለዋውጣለች። ስም ወዲያው የሚሰጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው የተዘጋጁት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ስለሆነ፣ ለእንጦጦዋ የሌሊት ወፍ የእንግሊዝ አገር ስም ያወጡላታል። ስለዚህ ስሙን ከመገመት ቁጥሩን መጻፍ ይበልጣል።

ማስታወሻ ደብተሩ

የትርፍ ጊዜ መዝናኛውን ቁም ነገር የሚያደርገው ደብተር ነው። የእኔ አሠራር ቀላል ነው። ሦስት ቋሚ ቦታ መርጫለሁ፤ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ አንዱ አገር በቀል ዛፍ፣ አንዱ የውኃ ዳር። በወር ሁለት ጊዜ በእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ደቂቃ እቆማለሁ። ቅደም ተከተሉን እያቀያየርኩ ነው የምሄደው፤ አለበለዚያ አንዱ ቦታ ሁልጊዜ ጥሩውን ሰዓት ይወስዳል። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 12፣ ከ12፡40 እስከ 12፡50፣ ጥድ ጥግ፣ ደመና የለም፣ ቀላል ነፋስ፣ ጨረቃ የለችም፤ በ45 ላይ 7 ማለፍ፣ 2 ፍርርታ፤ በ22 ላይ 1 ማለፍ።» ሰባት ማለፍ ሰባት እንስሳት ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ አንዲቱ ሰባት ጊዜ ተመላልሳ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የሸፈነው እንጦጦ ቀስ በቀስ አገር በቀል ዛፍ እየተተከለበት ነው። ዛፉ ሲለወጥ ነፍሳቱ፣ ነፍሳቱ ሲለወጡ አዳኞቻቸው መለወጣቸው አይቀርም። ለውጡን ማሳየት የሚቻለው ግን ከለውጡ በፊት የነበረውን የመዘገበ ሰው ካለ ነው። ከዓመታት በኋላ ዛፉ ሲያድግ የዛሬውን ምሽት ተመልሶ የሚያዳምጥ የለም። ለዚህ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ጋቢ ይበቃል።

የሰበሰቡትን ለብቻዎ አይያዙት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተፈጥሮ ወዳጆች መገናኛ ነው። በአራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ስለ አገራችን እንስሳት መማር ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። የድምፅ ቅጂዎን «አይናቹራሊስት» በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ከቦታና ከቀን ጋር ማስቀመጥም ይችላሉ።

ስለ ጤና

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። የማርበርግ ቫይረስ ተፈጥሯዊ ተሸካሚ መሆኗ የተረጋገጠው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በብዛት የምታድረው የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት። ይህች ዝርያ በኢትዮጵያም ትገኛለች። ሰዎች ቫይረሱን ከእርሷ እንዳገኙ ከሚታወቅባቸው መንገዶች ዋናው በብዛት ወደምታድርባቸው ዋሻዎችና ጉድጓዶች ገብቶ መቆየት ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ ከላይ የምታልፍ ነፍሳት አዳኝን ማዳመጥ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነገር ነው።

ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አይንኩ። በሕይወት ያለችም የሞተችም የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትነሳም። ዋሻ ውስጥ አይግቡ፤ የኩሳቸው ብናኝም የሳንባ ሕመም የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በአብዛኛው የሚተላለፈው በስሙ እንደተጠራው በውሻ ቢሆንም የሌሊት ወፎችም የእርሱ ዘመድ የሆኑ ቫይረሶች ይኖሯቸዋል። ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ጣሪያዎ ውስጥ ቢያድሩ በጭስ ለማስወጣት አይሞክሩ። የተደናገጡት ወደ ክፍል ይገባሉ፤ መብረር ያልቻሉ ግልገሎችም እዚያው ሞተው ይሸታሉ። አብዛኞቹ በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ስለሚወልዱ የጠፋው ቶሎ አይተካም። ግልገሎቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ሁሉም ለአደን የሚወጡበትን ምሽት ጠብቆ ቀዳዳውን መድፈን ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ስለ ደኅንነትና ስለ ጨዋነት

እንጦጦ የጅብ አገር ነው። ብቻዎን አይውጡ፤ ሁለት ሦስት ሆነው፣ በሚያውቁት መንገድ፣ ባትሪ ይዘው፣ ስልክዎ ተሞልቶ ይሁን። ወደ ጫካው ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ መልካሙ ድምፅ ዳር ላይ ነው ብያለሁ። መመለሻ ታክሲዎን አስቀድመው ያስቡ።

በጨለማ አንቴና የመሰለ ነገር ወደ ሰማይ አቅንቶ የቆመ ሰው ጥበቃዎችን ቢያጠራጥር አይፈረድባቸውም። ቀድመው ሄደው ሰላምታ ይስጡ፣ መሣሪያውን ያሳዩ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያድርጉላቸው። እኔ እስካሁን ያንን «ፍርርርት» ሰምቶ ፈገግ ያላለ ዘበኛ አላየሁም። በኤምባሲና በመንግሥት ተቋማት አጥር ሥር ግን አይቁሙ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለመቆም የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፣ በጸሎት ሰዓትም አለመግባት ተገቢ ነው። የሌሊት ወፍ ለመያዝ ወይም መረብ ለመዘርጋት የሚያስብ ካለ ደግሞ ይህ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አይደለም፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃል። ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ግን ቆሞ ጸጥ ማለት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከቤትዎ በር ላይ ይሞክሩት። የመንገድ መብራት ካለ ከሥሩ ትንሽ ፈንጠር ብለው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መዘውሩን 45 ላይ አድርገው አሥር ደቂቃ ይቁሙ። የሰሙትን ቁጥር ከነቀኑ ይጻፉ። ወደ እንጦጦ መውጣቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መልካም ምሽት!